አሜን የተባለበት ሐተታ

ንግግርን ለአድማጭ ማስማማት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ይህን ያስተማሩን አንድ መነጽራም መምህር ናቸው። ንግግር መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንሽ ዝም ብላችሁ የአድማጩን ዐይን እዩ፤ ሰው የሚያስቀይመውን ነገር አስቀድማችሁ አውጡ፤ ይሉን ነበር። ሁሉንም በቃሌ ያዝሁት። ፈተናውንም በአንደኛነት አለፍሁ። መነጽራሙ መምህር ያልነገሩን ነገር ቢኖር አድማጭም የራሱ ትምህርት እንዳለው ነው።

ሸዋ ሮቢት ስመደብ ሰው ሁሉ በነጠላና በሽርጥ ሲሄድ እኔ ከረባቴን አልፈታሁም። ሙቀቱ ጠመኔውን ሳይቀር በእጄ ላይ ያልበው ነበር። ከረባት ያሰረ ሰው ቆላ ሲወርድ ከሁለት ነገር አያመልጥም፤ ወባ ይይዘዋል፣ ንግግር አድርግልን ይባላል። እኔ ሁለቱም ደረሱብኝ። ወባው አስተኝቶ ለቀቀኝ፤ ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ደምሴ የሚባሉ፣ ሸዋ ሮቢት ባለችበት በቀወት የሚኖሩ ገበሬ አልማዝ የምትባል ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አህያቸውን አቁመው ጠሩኝ።

«መምህር፣ ደብረ ብርሃን ሰርግ ጠርተውኝ ነበር» አሉኝ። «ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ብቻውን ሲናገር ቆየ።»

«ንግግር ነው የሚባለው።»

«ምን እንዳለ አልሰማሁትም። ግን ቤቱን አሳመረው። የኔም ልጅ ስትዳር አንድ ሰው እንዲቆምላት እፈልጋለሁ።»

«ስለ ምን ልናገር?»

«እሱን የተማርኸው አንተ ነህ። ብቻ ሰው እንዳታስቀይምብኝ። ክርስቲያኑም ይመጣል፣ እስላሙም ይመጣል። ባላምባራስም ይመጣሉ።»

ባላምባራስ የዚያ ሁሉ መሬት ጌታ ናቸው። ሙሽራው ታደሰም፣ አባቱም፣ ጎረቤቶቹም የሳቸው ጭሰኞች ነበሩ። ከዚያም አልፎ ባላምባራስ የታደሰ የክርስትና አባት ናቸው። ልጅ አልነበራቸውምና ታደሰን ከልባቸው ይወዱት ነበር፤ ሲሶውን ግን ከሱም ይወስዱ ነበር።

ቤቴ ገብቼ በሥርዓት ጀመርሁ። መጀመሪያ ስለ ፍቅር ጻፍሁ። አቶ ደምሴ ሰምተው ደነገጡ። «ልጅቱ ልጁን በቅጡ አይታው አታውቅም። ከየት ያመጡትን ፍቅር ነው የምታወራው? ወንድሞቿ ጠመንጃ እንዳላቸው ታውቃለህ?» አሉኝ። ፍቅርን አወጣሁ። ስለ ሙሽሪት መልክ የጻፍሁትን ጠመንጃው ትዝ ሲለኝ ራሴ አወጣሁት። ስለ ጠጅ የጻፍሁት ጨዋታ ብርዝ ለሚጠጡት እንግዶች አይሆንም፤ ወጣ። ከቅዱስ መጽሐፍ ምሳሌ ባመጣ እስላሙን ቅር ይለዋል፤ ከቁርዓን ባመጣ ክርስቲያኑን። ሁለቱም ወጡ። በምርቃት ልዝጋ ብዬ የሽማግሎቹን አለቃ አባ ውቤን ባማክር አገጬን ትኩር ብለው አዩና «ጢም ሳታበቅል?» አሉኝ። ምርቃትም ወጣ።

የቀረኝ ሳይንስ ነበር። ሳይንስ ክርስቲያንም አይደለም፣ እስላምም አይደለም፤ ጠመንጃ የያዘ ወንድም አያስቆጣም። ስለዚህ «በቆላ የሚኖሩ ባልና ሚስት ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው» የሚል ርእስ መረጥሁ። ችግሮቹን ከፊት፣ መፍትሔዎቹን ከኋላ አሰለፍኋቸው። ስለ ባለመሬቱ ድርሻ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ አስገባሁ። እሷም ነቀፌታ አልነበረችም፤ ሒሳብ ነበረች። ከሦስት አንድ ሲነሣ ሁለት ይቀራል፤ ይህን የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼም ያውቁታል። በሒሳብ የሚቀየም ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ጥር ነበር፤ ማሽላው ገና በየአውድማው እየተወቃ ነበር። በአቶ ደምሴ ግቢ ሁለት ዳስ ፊት ለፊት ተጥሏል። ባንዱ የክርስቲያኑ፣ ባንዱ የእስላሙ እርድ ይበላል። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ገብቷል፤ ሙሽሪት ተሸፋፍና ከጎኑ ተቀምጣለች። ሰው በላ፣ ጠጣ። አባ ውቤ ተነሡና «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቁ። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባሉ ቁጥር ከዚህኛው ዳስ «አሜን!» ከዚያኛው ዳስ «አሚን!» ይባላል። ጨርሰው ተቀመጡ። ቀጥሎ እኔ ተነሣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያ አገር ሰው በሕዝብ መካከል ቆሞ የሚናገረው ለሙግት፣ ለለቅሶ ወይም ለምርቃት ነው። ከሳሽ አልነበረም፤ ሬሳም አልነበረም። ሕዝቡ ይህን አይቶ የኔን ነገር ከየትኛው እንደሚመድበው ወዲያው ወሰነ። እኔ ግን አልተነገረኝም።

«ክቡራንና ክቡራት» አልሁ። ዝም ብዬ ዐይን ዐይናቸውን አየሁ።

«አሜን!»

ደስ አለኝ። ማሠልጠኛው ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ንቁ አድማጭ አላየሁም።

«ዛሬ ሁለት ቤተሰብ አንድ ሆኗል።»

«አሜን! አሚን!»

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መግቢያው አልቆ ወደ ሐተታው ገባሁ።

«በቆላ የሚኖሩ ባልና ሚስት ብዙ ችግር ይጠብቃቸዋል።»

«አሜን!»

«በየዓመቱ ወባ ቤታቸው ትገባለች።»

«አሜን!»

ከፊት የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች አፋቸው ላይ የነበረው ቃል እንደ አጥንት ሲሰነቀርባቸው አየሁ። ከኋላ ያሉት ግን ቃሌን አይሰሙም፤ የሚሰሙት ዝምታዬን ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለትን አሳምሬ ተምሬአለሁ።

«የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ማሳቸውን ይጠርገዋል።»

«አሜን!»

«ካመረቱት ላይ ሲሶው ለባለመሬቱ ይሄዳል።»

«አሜን!» ባላምባራስ ከትራሳቸው ቀና ብለው በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከሚወልዷቸውም ልጆች ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉ።»

«አሜ—»

«ኡኡ!» አሉ የሙሽሪት እናት እትዬ ብርቄ፤ ከጓዳ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ ሮጠው ወጡ። «ኡኡ! ልጄን አስረገመብኝ! ባገር አሜን አስረገመብኝ!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ለኔም ከባድ ነው። አቶ ደምሴ ፊቴ ቆመዋል። «ቤቴን አሳምር አልሁህ እንጂ ቤቴን አፍርስ አልሁህ?»

«አቶ ደምሴ፣ ይህ እኮ ሐተታ ነው። መፍትሔው ከኋላ ይመጣል፤ ትንሽ ይታገሡ።»

«እስኪመጣ ሌላ ምን አለ?»

«ገና ችግሮቹም አላለቁም።»

ይህን ስል ሕዝቡ እንደገና ጮኸ። የሙሽራው አባት ከዘራቸውን አንሥተው «ልጄን ለወባና ለጎርፍ ልድረው ነው የመጣሁት? በቅሎ ይጫን! እንሄዳለን!» አሉ። እትዬ ብርቄ በበኩላቸው ልጃቸውን አቅፈው «እኔስ መች እሰጣችኋለሁ! ሙት የምትወልድ ብላችሁ ነገ ልትመልሷት!» ይላሉ። ታደሰ አንዴ ወደ አባቱ፣ አንዴ ወደ ሙሽሪት ወገን ያያል። ተነሥቶ ሊናገር ቢል ሚዜዎቹ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት፤ ሙሽራ በሰርጉ ቀን አይናገርምና። ውጭ በቅሎዎቹ እየተጫኑ ነው።

«እናንተ ሰዎች፣ አሜን ያላችሁት እናንተ ናችሁ!» አልሁ። «እኔ አሜን በሉ አልወጣኝም!»

«እና ሰው ቆሞ ተናግሮ ዝም ሲል ምን ይባላል?» አለኝ አንዱ ከዳሱ ጥግ።

«ይጨበጨባል!»

«የምናጨበጭበው ለዘፈን ነው። አንተ መቼ ዘፈንህ?»



በዚህ መካከል ከወዲያኛው ዳስ ሼህ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተሻገሩ። ሼህ ሰይድና አባ ውቤ በመስኖ ውሃ ተራ ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ጎን ለጎን ቆመው እኔን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ።

«ወላሂ፣ ልጁ ክፋት የለበትም» አሉ ሼህ ሰይድ። «የተማረ ነው እንጂ።»

«እሱስ ልክ ነዎት» አሉ አባ ውቤ። «አሁን እንዴት ይሁን?»

«በአሚን የታሰረ በአሚን ይፈታል።»

ተስማሙ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ፤ መምህሩ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ይቆማል፤ የተናገረውን ክፉ ነገር ሁሉ አንድም ሳያስቀር ገልብጦ ይናገራል፤ ሕዝቡም አንድ ሰው ሳይቀር አሜን ይላል። አንድ አፍ ከቀረ ርግማኑ አልተፈታም፤ አልማዝም ከቤቷ አትወጣም።

ጢም ሳላበቅል መራቂ ሆንሁ ማለት ነው። ከረባቴን አስተካክዬ ቆምሁ።

«ችግር አይጠብቃቸው!»

«አሜን! አሚን!»

«ወባ ደጃቸውን አትርገጥ!»

«አሜን!»

«ሮቢ በልኩ ይሂድ፤ ማሳቸውን ያጠጣ እንጂ አይውሰድ!»

«አሜን!»

«የወለዱት ሁሉ ይደግ!»

ለዚህኛው እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ሰባት ጊዜ አሜን አሉ። እኔም ላቤን ጠርጌ ልቀመጥ ጎንበስ አልሁ።

«ቆይ» አሉ አባ ውቤ። «አንዲት ቀርታለች።»

«እሷ እንኳ ትንሽ ናት።»

«ከወንዙና ከልጆቹ መካከል ነበረች።»

«ሒሳብ ናት እኮ አባ፤ ርግማን አይደለችም።»

«አሜን ተብሎባታል» አሉ ሼህ ሰይድ። «ትፈታ።»

«ትፈታ!» አለ ከኋላ ያለው ሕዝብ። ቅድም ቃሌን አይሰማም ያልሁት ሕዝብ ይህችን እንዴት አድርጎ እንደሰማት አላውቅም። ወደ ባላምባራስ አየሁ። ጉርሻቸው ካፋቸው ሳይደርስ ቆሟል።

«ካመረቱት ላይ የሚሄደው ሲሶ» አልሁ በዝግታ፣ «መጠነኛ ይሁን።»

ማንም አሜን አላለም። «ይህ መገልበጥ ነው?» አለኝ ያ ጥግ የተቀመጠው ሰውዬ። «ለወባዋ ትንሽ ትንሽ ትግባ መቼ አልህ?»

አነጋገሩ ትክክል ነበር፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። በውጭ አንዱ በቅሎ አናፋ። የሙሽራው አባት ከዘራቸውን እንደያዙ ናቸው። ዐይኔን ጨፈንሁና በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁት።

«በቆላ የሚኖሩ ባልና ሚስት ካመረቱት ላይ ሲሶው ለባለመሬቱ አይሂድ!»

ያንን አሜን የሰማ ሰው ስለ አሜን ሌላ አስረጂ አይፈልግም። የዳሱ ቅጠል ረገፈ። ውጭ የታሰሩት አህዮች ገመድ በጥሰው ሄዱ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ምን እንደተባለ ሳይጠይቁ ተቀበሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

«ባላምባራስ፣» አሉ ሼህ ሰይድ በትሕትና፣ «አንቱ ሲሉ አልሰማን።»

«ብያለሁ።»

«መቼ?»

«በሆዴ ብያለሁ።»

«በሆድ የተባለውን እኛ ምን ብለን እንመሰክራለን?»

«እናንተ ይህን ሁሉ ሰው አሰኝታችሁ የኔ አንድ አሜን ቢቀር—»

«አንድ አፍ ከቀረ አልተፈታም ተብሏል፣ ጌታዬ» አሉ አባ ውቤ።

ያኔ ታደሰ ሚዜዎቹን ገፍቶ ተነሣ። ከባላምባራስ ፊት ሄዶ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ያዘ። «አባባ፣ ለኔ ብለው። ልጅ የሚወለደው ከኔ ነው።»

ባላምባራስ ልጁን አዩት። ከዚያ የተሸፈነችውን ሙሽሪት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዐይናቸውን ጨፍነው «አሜን» አሉ።

እልልታው ቀለጠ። በቅሎዎቹ እንደገና ተጫኑ፤ አሁን ግን ሙሽሪትን ለመውሰድ ነበር። ያን ቀን ትከሻዬን ያልሳመ ገበሬ የለም። «ምን ያለ ንግግር!» ይሉኛል። መፍትሔዎቹን እንዳላነበብኋቸው ለማስረዳት ብሞክር የሚሰማኝ አጣሁ።

ወሬው ከዚያ ወዲያ በራሱ እግር ሄደ። የባላምባራስ ወኪል ሲሶ ሊሰፍር በየአውድማው ሲደርስ ገበሬው ሁሉ ቁናውን ገልብጦ ተቀምጦበት ጠበቀው። «ጌታችን አሜን ብለዋል» ይለዋል። ወኪሉ «ያ ለሙሽሮቹ ነው» ሲል «መምህሩ በቆላ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነው ያለው። እኔም ቆላ ነው የምኖረው፤ ሚስትም አለችኝ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ ሳይንስ በጠቅላላው ነው የሚናገረው ብዬ እኔው ነኝ እንደዚያ የጻፍሁት። ያላገቡት ጭሰኞች ደግሞ አውድማቸው ሳይሰፈር ሊደርሱ በጥድፊያ ሽማግሌ መላክ ጀመሩ። በቀወት ለዓመታት ጠያቂ ያጡ ሴቶች በዚያ ሰሞን ተማርጠው አገቡ።

ባላምባራስ አስጠሩኝ።

«አንተ አስተማሪ፣ አፍህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ምላስ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንዴት ያለ ምላስ ነው ይህን ሁሉ አውድማ የዘጋብኝ? ነጭ ለባሽ ታጣቂ ልኬ እንዳልወስድ ሚስቴ ‹ያሉትን አሜን አጥፈው ልጁን ሊገድሉት ነው?› እያለች እህል መቅመስ ትታለች። በል አንተ ያሰርኸውን ፍታው።»

ማስረዳት እንደምወድ ሳታዩ አልቀራችሁም። ፈርቼም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከኔ የሚወጣው ነገር ሁልጊዜ በጣም የተስተካከለ ነው።

«ጌታዬ፣ ንግግሩ የተደረገው በማን ሰርግ ነው?»

«በታደሰ።»

«እንግዲያው በሰርግ የተነገረ ለሙሽሮቹ ነው። የእርስዎ አሜን የሚይዘው የታደሰንና የአልማዝን አውድማ ብቻ ነው። እሱን ካልነኩ ልጁ ምንም አይሆንም፤ የሌላውን ይውሰዱ።»

ባላምባራስ ከሰርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እዚያው አባ ውቤንና ሼህ ሰይድን አስጠርተው በምስክር ፊት ተናገሩ፤ ከታደሰ አውድማ አንዲት ፍሬ አይነካም፤ የቀረው ሁሉ በሳምንቱ ይሰፈራል። ለኔ አንድ ሙክት ላኩልኝ። አልበላሁትም ብል ውሸት ይሆናል።

በነጋታው ገበያ ስወጣ ትከሻዬን የሳመኝ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጠኝ። ያነጋገሩኝ ሼህ ሰይድ ብቻ ናቸው።

«መምህር፣ የታደሰ አውድማ አይነካም ነው የተባለው?»

«እርስዎም ሰምተዋል እኮ፣ ሼህ።»

«አውድማው ነው አይደል? አውድማው ላይ ያለው ማሽላ?»

«አዎ፤ በግልጽ ነው የተናገሩት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና በቅሏቸውን ኮልኮል አድርገው ሄዱ። ምኑ እንዳስደሰታቸው አልገባኝም ነበር።

በሳምንቱ ባላምባራስ ሊያሰፍሩ ሲወጡ እኔንም ቃሌን እንድሰጥ ከኋላቸው አስከተሉኝ። የመጀመሪያው አውድማ ተጠርጓል። የሁለተኛው ተጠርጓል። በሦስተኛው ሁለት ዶሮዎች ይጭራሉ። መንገዱ ላይ ያገኘናቸው አህዮች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጭነው ይሄዳሉ፤ ከካራቆሬ በኩል የሚመጡም ነበሩባቸው። እነዚያ መሬታቸው የሌላ ጌታ ነው፤ ግን ዕድላችንን እንሞክር ብለው ይመስለኛል። አህዮቹን ተከትለን የታደሰ አውድማ ደረስን።

ታደሰ ያለው አንድ ጥንድ በሬና ጠባብ ማሳ ነው። አውድማው ላይ ያለው ማሽላ ግን ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣል። ተራራ ነው። አባ ውቤ ባንድ በኩል፣ ሼህ ሰይድ በሌላ በኩል፣ የቀወት ገበሬ ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። 

«ታደሰ፣» አሉ ባላምባራስ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ «ይህን ሁሉ እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ ያመረታችሁት?»

ታደሰ መሬት መሬት አየ። ከሰርጉ ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለሷ ሲጮህ አንድ ቃል ያልተነፈሰችው አልማዝ ግን ከክምሩ ወዲያ ብቅ አለች። መንሿን መሬት ላይ ተክላ ሁለት እጇን ከላዩ አሳረፈች።

«ገና መች አዩት፣ አባባ!» አለች። «ምርቃቱ እኮ ወር እንኳ አልሞላውም።»

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። «አስተማሪ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ሕዝቡም ወደ እኔ ዞረ። መግቢያ አላሰብሁም፤ ሐተታም መደምደሚያም አልነበረኝም።

«አሜን» አልሁ።

ቀወት ውስጥ ከተናገርሁት ሁሉ ሰው የወደደልኝ ያንን ነው። ከሸዋ ሮቢት ያዛወረኝም እሱው ነው።